ከበሮው በተቀመጠበት ወራት

የዛሬዋ ጠያቂያችን ደብዳቤዋን የላከችልን ከደሴ ነው። ጽሑፏ ረዘም ያለ ስለሆነ ዋናውን ብቻ በራሷ ቃል እናቀርባለን።

«ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት እየዘመርኩ አድጌያለሁ፤ አሁን 26 ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ የመዘምራኑ ከበሮ መቺ ነበር። ባለፈው ሰኔ ለጥቂት ቀናት ታሞ ዐረፈ። አርባው እስኪወጣ ድረስ እንደ ምንም ቆምኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን መዝሙር አልወጣልኝ አለ፤ አፌን ስከፍት ጉሮሮዬ ይዘጋል። በጥምቀት ታቦት ስናጅብ ሌላ ልጅ ከበሮውን አንግቶ ሳየው አልቻልኩም፤ ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ወዳጆቼ ‹ዘማሪት ሆነሽ እንዲህ ማዘን ምንድን ነው? ትንሣኤን አታምኚም ወይ?› ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ስለ ተስፋና ስለ ደስታ ስዘምር የምዋሽ ይመስለኛል። እናቴ ‹ድምፅሽ ከቤት ጠፋ› እያለች ታለቅሳለች። በሰኔ ሙት ዓመቱ ነው፤ የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ መርቼ እንድዘምር ጠይቆኛል። ልዘምር ወይስ እንቢ ልበል? ድሮ መዝሙር ያጽናናኝ ነበር፤ አሁን ለምን እንደማያጽናናኝ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እናትሽንም ያጽናልን፤ የወንድምሽንም ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባቤ እኔም እንደ ወዳጆችሽ ስለ እምነት የምትጠይቂ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዐይኔ ከበሮው ላይ ቀረ። መዝሙር የሚመራና ከበሮ የሚመታ ሰው የሚግባቡት በዐይን ነው፤ አንዱ እጁን ሲያነሣ ሌላው አፉን ይከፍታል፣ አንዱ ሲያቀዘቅዝ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንቺና ወንድምሽ ይህንን ስትለማመዱ ያደጋችሁ፣ ምናልባትም ሰንበት ትምህርት ቤት ከመግባታችሁ በፊት ቤት ውስጥ በጀሪካን ላይ የጀመራችሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ጉሮሮሽ የሚዘጋው የምትነሺበትን ምት ይሰጥሽ የነበረው እጅ ስለሌለ ነው ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም። ይህንን በሌላ ስም መጥራት፣ በተለይም እምነት ማጣት ብሎ መጥራት፣ በኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

ከበሮን ካነሣን ዘንድ፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂውን፣ ዘንድሮ ግን ከወትሮው በተለየ ጆሮ እንድትሰሚው የምፈልገውን አንድ ሥርዓት ላስታውስሽ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዘወረደ ጀምሮ ለ55 ቀናት ከበሮው ይቀመጣል፤ ጸናጽሉም ዝም ይላል፤ ሊቃውንቱ የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓውን፣ የሚያዜሙት መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ነው። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይከብዳል፤ መስቀል መሳለም ይቀራል፣ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ ይቀራል፣ ጸሎተ ፍትሐት እንኳ አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ምእመናን ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያን ይህንን ሁሉ የምታደርገው ትንሣኤን ረስታ ነውን? ትንሣኤው በየትኛው ቀን እንደሚውል በባሕረ ሐሳብ፣ በዘመን መቁጠሪያዋ፣ ቆጥራ፣ ገና ዓመቱ ሲገባ ለምእመናን ያወጀች ራሷ ናት። ቀኑን እያወቀች፣ የምታውቀውንም እያመነች ከበሮውን ታስቀምጣለች። በእነዚያ 55 ቀናት ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ገብቶ «ከበሮ አልመታችሁምና ትንሣኤን አታምኑም» ብሎ ሊቃውንቱን የሚከስ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ለእነርሱ ያልተነሣው ክስ ለአንቺ የተነሣበት ምክንያት አይገባኝም። የአንቺ ጾም በሰኔ ገባ፤ በሰው ልጅ ኀዘን ላይ ደግሞ 55 ቀን ብሎ የሚቆጥር ባሕረ ሐሳብ የለም።

ወዳጆችሽ ክፉ አስበው እንዳልተናገሩሽ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚከብደው በአፉ ላይ የመጣለትን ጥቅስ ያነሣል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ላይ ያለው ቃል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» እንዳናዝን ይላል እንጂ አትዘኑ ብሎ አይቆምም፤ የኀዘንን ዓይነት ይለያል፣ ኀዘንን ግን አይከለክልም። ያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከሚያለቅሱ ጋር እንዲያለቅሱ አዝዟል። ጌታም አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል፤ ከእርሱ ይልቅ ትንሣኤን ያመነ ከወዳጆችሽ መካከል ማን እንደሆነ ብትጠይቂያቸው መልካም ነበር፤ ግን አትጠይቂያቸው፤ ጸብ ያተርፍልሻል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ለሞተ ሰው እንባችንን እንድናፈስ ያዝዘናል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ኀዘኑ ልባችንን አድቅቆ እንዳያስቀረን ይመክረናል። የዚያ ምዕራፍ መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር ይናገራልና ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መዝሙር ለምን እንደማያጽናናሽ ጠይቀሻል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ለቅሶ ቤት ስንገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን እንጂ ያስደስታችሁ ወይም ያስረሳችሁ አንልም። መጽናናት ከመጽናት ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ጽኑ መሆን፣ መቆም መቻል ማለት ነው። አንቺ ግን ከመዝሙር የጠበቅሽው ሕመሙን እንዲያነሣልሽ ይመስለኛል፤ ሕመሙ ስላልተነሣም መጽናናቱ የቀረ መሰለሽ። በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት የሆነውን ተመልከቺ። ማቴዎስና ማርቆስ እንደ ጻፉት ጌታና ደቀ መዛሙርቱ መዝሙር ዘምረው ወደ ደብረ ዘይት ወጡ፤ መዝሙሩ ካለቀ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ተናገረ። መዝሙሩ ኀዘኑን አላስቀረለትም፤ ወደ ጌቴሴማኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን አብሮት ነበር። «አርባው እስኪወጣ ድረስ እንደ ምንም ቆምኩ» ብለሽ የጻፍሽውን ዐረፍተ ነገር እንደገና አንብቢው። በዚያ ወቅት ያቆመሽ ምን ነበር? በፍትሐቱ፣ በሰልስቱ፣ በአርባው የተዜመው ሁሉ በአጠገብሽ አልፏል፤ ምንም እንዳልተሰማሽ አምናለሁ፣ ቢሆንም ቆመሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ፣ ስትዘምሪ የምትዋሺ ስለሚመስልሽ ነገር ልምጣ። ይህ ጥርጣሬ የሚወለደው መዝሙርን ዘማሪው በዚያች ሰዓት የሚሰማውን የሚገልጽበት ነገር አድርገን ስንይዘው ነው፤ በካሴት፣ በሲዲ፣ ከዚያም በዩቲዩብ የለመድነው አቀራረብም ይህንን አመለካከት ሳያጠናክረው አልቀረም፤ ዘማሪው ዐይኑን ጨፍኖ ፊቱ በርቶ ካልታየን የዘመረ አይመስለንም። የቀደሙት አባቶችና እናቶች ግን እንዲህ አልያዙትም። ዳዊት የሚደግም ሰው መቶ ሃምሳውን መዝሙራት ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ነው የሚያደርሰው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። ዕለቱ የደጋሚውን ስሜት አይጠይቅም። ሐሙስ በመጣ ቁጥር በግእዙ አቆጣጠር 87ኛው፣ በሌሎች እትሞች 88ኛው መዝሙር ይደርሳል። ይህ ከመዝሙራት ሁሉ የጨለመው ነው፤ ሌሎቹ የኀዘን መዝሙራት አብዛኞቹ በመጨረሻቸው ወደ ምስጋና ሲመለሱ፣ ይህ ግን ወዳጁም ዘመዱም እንደ ራቁት እየተናገረ እዚያው ጨለማው ውስጥ ያበቃል። የልጁን ሰርግ የሚያሰናዳ አባት ሐሙስ ጠዋት ይህንኑ ያነባል። ዋሽቷልን? አልዋሸም፤ በዚያች ሰዓት በጨለማ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው አፉን አውሶታል። በሚቀጥለው ቀን ያዘነው ሰው የምስጋናውን መዝሙር ሲያደርስ እርሱም ከደስተኞቹ ተበድሮ ነው። ባለፉት 7 ወራት አንቺ ዝም ባልሽባቸው ሐሙሶች ሁሉ፣ በየገዳሙና በየጓዳው፣ ስምሽን ሳያውቁ የአንቺን ቃል ሲያደርሱልሽ የከረሙ ሰዎች አሉ። ያንን ብድር ለመክፈል አትቸኩዪ።

ቅዳሜ ደግሞ የባቢሎን ምርኮኞች መዝሙር ይመጣል፤ በግእዙ 136ኛው ነው። በወንዞቹ አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቅሳሉ፤ መሰንቆቻቸውን በአኻያ ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ ማራኪዎቻቸው የጽዮንን ዝማሬ ዘምሩልን ሲሏቸው «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» ብለው ይመልሳሉ። ይህንን መዝሙር ለዓመታት ስደግመው ኖሬ ዘግይቶ የገባኝ ነገር፣ መዘመር አልቻልንም ያሉበት ቃል ራሱ መዝሙር ሆኖ ከመቶ ሃምሳው መካከል መቆጠሩ ነው። «አልወጣልኝ አለ» ብለሽ ለእኔ የጻፍሽውን፣ በዚያው ቃል፣ ሳታሳምሪው በእግዚአብሔር ፊት ብትናገሪው ከዳዊት መዝሙር የራቀ አይሆንም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲነሣ ሁላችንም የምንተርከው ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን ስለ ወጣው ትል ነው። ትምህርት ለከበደው ልጅ ሁሉ ሲነገር የኖረ ስለሆነ አልደግመውም፤ ያዘነ ሰው ላይ «ተነሥተሽ ሞክሪ» ለማለት ሲጠቀሙበት ስሰማም ደስ አይለኝም። ከያሬድ ሥራዎች ለአንቺ የሚሆነው መዋሥዕት ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአክሱም የተነሣው ይህ ሊቅ ካዘጋጃቸው አምስት የዜማ መጻሕፍት፣ ከድጓው፣ ከጾመ ድጓው፣ ከምዕራፉና ከዝማሬው ጋር የሚቆጠረው መዋሥዕት በቀብርና በተዝካር የሚዜም ነው። የወንድምሽ ፍትሐት ሲደረግ ሰምተሽዋል፤ ያኔ ልትሰሚው ባትችዪም። ለኀዘን ቤት የሚሆን ዜማ በዓል ከሚከበርባቸው ዜማዎች ጥግ ተሸጉጦ አልተቀመጠም፤ ራሱን የቻለ መጽሐፍ፣ የራሱም ትምህርት ቤት አለው። በዝማሬና በመዋሥዕት ሊመረቅ የሚፈልግ ተማሪ ደቡብ ጎንደር ወደሚገኘው ዙር አባ ድረስ ሄዶ ዓመታትን ይቀመጣል። የመጽሐፉ ስም ደግሞ «አውሥአ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መለሰ ማለት ነው። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ወገን ይመልሳል። በለቅሷችንም ቢሆን አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል እንጂ ብቻዋን አትተዋትም። በኀዘን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያዜም የሚጠይቅ ሥርዓት በእኛ ዘንድ የለም፤ ኃላፊው ከአንቺ የጠየቀው ግን ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው።

ከእኛ ወገን ያልሆነ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ መዝሙር እንቢ ስላለው ሰው ስለሆነ ነው። ቶማስ ዶርሲ በአሜሪካ ቺካጎ የጥቁሮችን የወንጌል መዝሙር መልክ ካስያዙት ሙዚቀኞች ዋነኛው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ለአገልግሎት ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ መሞቷን የሚያረዳ ቴሌግራም ደረሰው፤ የተወለደውም ሕፃን ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ዶርሲ በእግዚአብሔር ላይ አመረረ፤ የወንጌል መዝሙር መድረሱንም ሊተወው አስቦ ነበር። በኋላ ፒያኖ አጠገብ ተቀምጦ የወጣለት መዝሙር ድል የሚያውጅ አልነበረም፤ ደክሞኛልና እጄን ይዘህ ምራኝ የሚል የዛለ ሰው ልመና ነበር። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲቀበር ማሄሊያ ጃክሰን የዘመረችው ይህንኑ መዝሙር ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? ለጊዜው ከመዘምራኑ ረድፍ ወጥተሽ ከምእመናን መካከል ቁሚ። ይህንን ማፈግፈግ አድርገሽ አትውሰጂው። ጳውሎስና ሲላስ በወህኒ ቤት በመንፈቀ ሌሊት በዜማ ሲያመሰግኑ ሌሎቹ እስረኞች ያዳምጡ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ 16ኛ ምዕራፍ ተጽፏል፤ የመሬት መናወጥ ሲመጣም የሁሉም እስራት ተፈታ እንጂ የሁለቱ ዘማሪዎች ብቻ አልተፈታም። እኔ ራሴ አባቴን ባጣሁበት ዓመት ለብዙ ወራት ቅዳሴ ቆሜ አንድም ቃል ሳልመልስ እወጣ ነበር። ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቆሙ አንዲት አሮጊት ግን «ምስለ መንፈስከ» የሚለውን ጮክ ብለው ይመልሱ ነበር፤ ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ከዜማውም ይወጣሉ፤ ይሁንና ለእኔም ጭምር የሚመልሱልኝ ይመስለኝ ነበር። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

የጾሙ ወራት ደግሞ የበገና ወራት ናቸው፤ ይህም ለአንቺ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። ደርዳሪው ከበገናው በላይ አይጮኽም፤ ለራሱ እንደሚያጉተመትም ሆኖ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ንስሓ ያዜማል፤ ጭብጨባም ሽብሸባም አያሻውም። ድምፅ ለጠፋበት ሰው ከዚህ የተሻለ ጎረቤት አላውቅም። ማታ ማታ ከእናትሽ ጋር ሆነሽ አንድ የበገና መዝሙር ብቻ ስሚ፤ ከአንድ በላይ አይሁን። አብረሽ ማንጎራጎር አይጠበቅብሽም፤ ከመጣልሽ ግን አትከልክዪው። እናትሽ «ድምፅሽ ከቤት ጠፋ» ስትል ምናልባት የምትናገረው ስለ መዝሙርሽ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ልጇን በሰኔ ያጣች እናት የቀረቻት ልጇም እንደ ራቀቻት እየተናገረች ይሆናል። ስለ ወንድምሽ በስሙ ጠርታችሁ ትነጋገራላችሁ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስላላየሁት ነው የምጠይቅሽ። የእርሱ ከበሮ የሚሰማበት ቅጂ በስልክሽ ካለ አትደምስሺው፤ እንድትሰሚውም ራስሽን አታስገድጂ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ብቻሽን ሳይሆን ከእርሷ ጋር ስሚው።

ወደ ሲራክ ልመለስ። ስለ ሙታን እንድናለቅስ የሚያዝዘው ያው 38ኛ ምዕራፍ የሚጀምረው ሐኪምን አክብር ብሎ ነው፤ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። ስለ እንቅልፍሽና ስለ ምግብሽ አልጻፍሽልኝም። ሌሊቱ ሁሉ ዐይንሽ ሳይከደን የሚነጋ ከሆነ፣ ምግብ ከአፍሽ ከራቀ፣ ወይም ከወንድምሽ ጋር መሆንን እስከ መመኘት ከደረስሽ፣ ይህ ዓምድ አይበቃሽም፤ ለንስሓ አባትሽም ለሐኪምም ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደሌለበት ካህናቱ ራሳቸው የሚያስተምሩት ነው፤ ለኀዘንም ያው ነው።

የሙት ዓመቱን በተመለከተ መልሴ ግልጽ ነው፤ መርተሽ አትዘምሪ። ይህንን ለኃላፊው ሰኔን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ንገሪው፤ ምክንያት መደርደር ሳያስፈልግሽ «ከተቀባዮች ጋር እቆማለሁ፣ መሪ ግን አልሆንም» በዪው። ደግ ሰው ከሆነ ይገባዋል፤ ካልገባውም በአቋምሽ ጽኚ። ከተቀባዮቹ ጋር ሆነሽ ድምፅሽ ቢወጣ ይደባለቃል፣ ባይወጣም ማንም አያስተውልሽም፤ መሪ ግን ይህ ነጻነት የለውም። እስከዚያ ድረስ መለማመድ የምትፈልጊ ከሆነ ከሁሉ የሚቀለው መቀበል የትንሣኤ ሌሊት ይመጣልሻል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሕዝቡ «በዓቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበላል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዐዞ ለአዳም» ይላል፤ «ሰላም» ሲል «እምይእዜሰ» ብሎ ይመልሳል። «እምይእዜሰ» ከእንግዲህ ወዲህ ማለት ነው። በሹክሹክታ በዪው። የዚያን ሌሊት ከበሮውም ወጥቶ ይመታልና፣ ድምፁን ስትሰሚ እንባሽ ቢቀድምሽ ተዪው ይፍሰስ፤ ይህ ሰላምታ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ሲደጋገም ይቆያል፤ ያልወጣልሽን ቃል የምትመልሺበት 50 ቀን አለሽ ማለት ነው።

አንድ ሰው ይቀረኛል፤ በጥምቀት ከበሮውን ያነገተው ልጅ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠሽው፤ ያንንም በምን ዓይን እንዳየሽው ይገባኛል። ነገር ግን የሞተን ሰው ከበሮ በሕዝብ መካከል ማንገት ለእርሱም ቀላል የሆነለት አይመስለኝም፤ አመታቱን የተማረውም ከወንድምሽ ሊሆን ይችላል። ጾሙ ሳይገባ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ጥሪው፤ እናትሽ ቡና ታፍላለት። ስለ ሙት ዓመቱ አታንሺበት። ወንድምሽ ሲያለማምደው ምን ይለው እንደ ነበር፣ የቱ ጋ ያፈጥንበት እንደ ነበር፣ ሲሳሳት ይቆጣው ወይስ ይስቅበት እንደ ነበር ጠይቂው፤ አንቺ መሪ ስለ ነበርሽ ያላየሽውን እርሱ ጎኑ ተቀምጦ አይቷል። ሲያወራም እናትሽ ቡናውን እየቀዳች ትስማው።